ለክረምቱ ያዘጋጀሁት ቤት

ከዚያ ዓርብ በፊት ሰው "ቤቴን አብጅልኝ" ሲለኝ "ለምን ፈለግኸው?" ብዬ ጠይቄ አላውቅም ነበር። ጣሪያ ያፈሳል፣ በር ይጣመማል፣ ቀለም ይለቃል፤ ምኑ ያስጠይቃል? አሁን ግን መሰላሌን ከመኪናዬ ላይ ከማውረዴ በፊት እጠይቃለሁ። የሚስቅብኝ አለ፣ የሚቀየመኝም አለ። እናንተ የሆነውን ስሙና ፍረዱ።

ጌታሁን እባላለሁ። ሳን ሆዜ ነው የምኖረው፤ ሰው ወደ አየር ማረፊያ የሚያመላልስ ሹትል እነዳለሁ፤ በትርፍ ጊዜዬ የሰው ቤት እጠግናለሁ። በዲቪ የመጣሁ ጊዜ ግን የገባሁት ኦክላንድ ነበር። ሊቀበለኝ ቃል የገባው የሰፈሬ ልጅ ጥቂት ቀን አሳድሮኝ "ሚስቴ ልትመጣ ነው፣ ቦታ ፈልግ" አለኝ። በዚያው እሁድ ቅዳሴ አልቆ ሰው ሲበተን፣ ወዴት እንደምሄድ ጠፍቶኝ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ቆሜ ሳለሁ አንዲት ቀጠን ያሉ ሴት ወደ እኔ መጡ።

"ልጄ፣ ሁሉም ሄደ እኮ። ማንን ትጠብቃለህ?"

"ማንንም።"

"እንግዲያው ና፣ ምሳ ብላ።"

እትዬ አስካለ ናቸው። ምሳ ልበላ ገብቼ አራት ዓመት ኖርኩ።

እሳቸውና ባለቤታቸው ጋሽ ኃይሉ በሱዳን በኩል ተሰደው የመጡ ናቸው። ጋሽ ኃይሉ ታክሲ እየነዱ፣ እትዬ አስካለ የሆቴል አልጋ እያነጠፉ፣ ኮረብታው ሥር ያለችውን ቤት ገዙ። የታችኛዋን ክፍል ለእኔ ለቀቁልኝ። ጣሪያ ላይ መውጣትን፣ አሸንዳ መጥረግን፣ የበር ክፍተት በጎማ መዝጋትን ያስተማሩኝ ጋሽ ኃይሉ ናቸው።

የዚህ አገር ሰማይ የእኛው ተቃራኒ ነው። እዚያ ክረምቱ ወጥቶ አደይ ሲፈነዳ፣ እዚህ ገና ሊገባ ያኮበኩባል። በረዶ የለም፤ ዝናቡ ግን አንዴ ከጀመረ ከኮረብታው ጎርፍ እየጠረገ ይወርዳል። ከጓሮ ያለው ትልቅ ጥድ በጋውን ሙሉ መርፌ የመሰለ ቅጠሉን ጣሪያው ላይ ሲያራግፍ ይከርማል። አሸንዳው ይደፈናል፤ ውሃው መሄጃ ሲያጣ ወደ ቤት ይገባል። ስለዚህ ዝናቡ ሳይመጣ ጋሽ ኃይሉና እኔ በየዓመቱ ጣሪያው ላይ ነበርን። እሳቸው ካረፉ፣ እኔም አግብቼ ሳን ሆዜ ከገባሁ በኋላ፣ ብቻዬን እየመጣሁ መሥራቴን አላቋረጥኩም። ማንም አላዘዘኝም። ልጅ ለእናቱ ቤት የሚያደርገው ነው ብዬ ነው።

እትዬ አስካለ የወለዷት አንዲት ልጅ አለች፣ ሄለን። እዚሁ የተወለደች፣ የተማረች፣ ኩፐርቲኖ ውስጥ ባልና ልጆች ያላት ሴት ናት። አማርኛ ትሰማለች፤ ስትመልስ ግን ግማሹ እንግሊዝኛ ነው። ክፉ ሰው ናት አልላችሁም። እናቷን ሐኪም ቤት የምትወስድ፣ መድኃኒታቸውን የምታመጣ እሷ ናት። ይህ ነገር ከመድረሱ አንድ ዓመት በፊት እትዬ አስካለ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወድቀው ነበርና "ነይ ከእኔ ጋር ኑሪ" ብላ ለመነቻቸው። እሳቸው እምቢ አሉ።

"እዚያ ቤት ሁሉም ጠዋት ይወጣል፣ ማታ ይገባል። እኔ ከማን ጋር ልዋል? ከፍሪጁ ጋር?" ብለው ነገሩኝ በጊዜው።

ሄለን በቀጣዩ መኸር ደወለችልኝ።

"ጌቾ፣ ዘንድሮ የማሚን ቤት ቀደም ብለህ ትሠራልኛለህ? ዝናቡ ኧርሊ ነው የሚገባው ይላሉ።"

"እንዴ፣ መቼ ቀርቼ አውቃለሁ?"

"ኖ፣ ማለቴ አሸንዳውን ብቻ አይደለም። ዘንድሮ ኤቭሪቲንግ። ጣሪያውን፣ መስኮቶቹን፣ ማሞቂያውን ቼክ አድርግልኝ። የፊት በሩንና ሳሎኑን ቀለም ቀባው። ጋራዡን ባዶ አድርገው። ግድግዳው ላይ ያሉትን ፎቶዎችና የሳሎኑን መጋረጃም አውርዳቸው። ቀለሙን ገዝቼ በረንዳው ላይ አስቀምጣለሁ። እስከ ዓርብ ይደርሳል?"

ደስ አለኝ። እውነቴን ነው። ስንት ዓመት ብቻዬን ስደክምበት የነበረውን ቤት ልጃቸው አስታወሰችው አልኩ። ከሥራ ሐሙስና ዓርብን ፈቃድ ወሰድኩ።

ሐሙስ ጠዋት ገና መኪናዬን ሳላጠፋ እትዬ አስካለ በረንዳው ላይ በከዘራቸው ተደግፈው ቆመዋል።

"ሰማህ አይደል? ልጄ ደወለች እኮ! 'ማሚ፣ ዘንድሮ ቤትሽን ጥርት አድርገን ነው የምናዘጋጅልሽ' አለችኝ። አየህ ጌታሁን፣ ልጅ ውሎ አድሮ ልብ ይገዛል። ያ የኩፐርቲኖ ነገርም ቀረ ማለት ነው።"

"ይመስላል፣ እትዬ።"

"ይመስላል ምንድን ነው? ልትወስደኝ ብታስብ ቤቴን ታሳድስ ነበር?"

ትክክል መስሎ ታየኝ።

ያን ቀን ጣሪያው ላይ ዋልኩ። አሸንዳውን ጠረግሁ፤ የበሰበሰው ቅጠል እንደ ጭቃ በባልዲ ነው የወረደው። ጭስ ማውጫው ዙሪያ ያለው ቆርቆሮ ተነሥቶ ነበርና ገልጬ አዲስ ቆርቆሮ አለበስኩት። እትዬ አስካለ ከታች ወንበር አስወጥተው፣ ብርድ ልብስ ጉልበታቸው ላይ ጥለው ይመሩኛል።

"ከእኔ አልጋ በላይ ያለውን በደንብ አየኸው?"

"እሱን ነው የምሠራው። ከእንግዲህ አልጋዎ አጠገብ ባልዲ ማስቀመጥ የለም። ይጣሉት።"

"አልጥልም። ባልዲ ሥራ አያጣም" ብለው ሳቁ።

ከሰዓት ወደ ጋራዡ ገባን። የጋሽ ኃይሉ ነገር ሁሉ እዚያ ነው፦ የመኪና መፍቻዎች፣ የድሮ ራዲዮ፣ ጎማ፣ ካፖርት። እትዬ አስካለ እያንዳንዱን እያነሡ ያዩታል፤ ያሸቱታል።

"ጋራዥ ባዶ ማድረግ ለክረምት ምን ይፈይዳል?" አሉኝ።

"ጎርፍ ቢገባ እቃ እንዳይበላሽ ይሆናል" አልኳቸው።

ይህን ማንም አልነገረኝም። ከራሴ አውጥቼ ነው። ፎቶዎቹን ሳወርድም "እርጥበት ፎቶ ይበላል" አልኩ። የመስኮቱን ወፍራም መጋረጃ ሳነሣም ለእሱ ሌላ ምክንያት አገኘሁ። ሰው የሚያምነውን ነገር ክፍተቱን ሁሉ ራሱ ይደፍንለታል። እሳቸውም እያመኑኝ ይሰጡኛል፤ አብዛኛውን ለቤተ ክርስቲያን ለይተው መኪናዬ ላይ አስጫኑኝ። የባላቸውን ፎቶ ግን ካርቶን ውስጥ አላስገባም ብለው በነጠላቸው ጠቅልለው አልጋቸው ላይ አስተኙት።

"ቀለሙ ሲደርቅ ቦታው ትሰቅልልኛለህ።"

"እሰቅላለሁ።"

ዓርብ ጠዋት በሩን ለመቀባት የቀለሙን ጣሳ ስከፍተው ግራጫ ነው። በሩ ዕድሜውን ሙሉ አረንጓዴ ነበር። እትዬ አስካለ ብቅ ብለው አዩና ፊታቸውን አጨፈገጉ።

"ይሄ ምንድን ነው? የሆስፒታል በር ልታደርጉት ነው?"

"ሄለን የመረጠችው ነው።"

"እንግዲህ ልጄ ከወደደችው ይሁን። ስትመጣ እሷም ታየዋለች" አሉ።

የሳሎኑን ዕቃ ወደ ጓዳ አዛውሬ ሳሎኑንም በሩንም ቀባሁ። ከሰዓት በኋላ የቀረኝን የአሸንዳ ጥግ ለመጨረስ ጣሪያው ላይ ወጣሁ። ከባሕር ወሽመጡ በኩል ደመናው መከመር ጀምሯል፤ ነፋሱ የዝናብ ሽታ አለው። ሁሉም ነገር ደርሷል። በሥራዬ ረክቼ ነበር።

በዚያ ሰዓት አንድ ፒክአፕ ደጃፉ ላይ ቆመ። ቢጫ ሰደርያ የለበሰ ፈረንጅ ወርዶ ከአጥሩ ሥር፣ እትዬ አስካለ ጤና አዳም የተከሉበት ቦታ አጠገብ፣ መቆፈር ጀመረ። ከውሃ ወይም ከጋዝ ቢሮ የመጣ መስሎኝ ዝም አልኩ። እትዬ አስካለ ግን ከዘራቸውን ይዘው ወደ እሱ ሄዱ። ሆቴል የተማሯትን እንግሊዝኛ አወጡለት።

"ሜይ አይ ሄልፕ ዩ፣ ሰር?"

ሰውዬው ባርኔጣውን አነሣ። ጨዋ ሰው ነው። "የቤቱ ባለቤት እርስዎ መሆን አለብዎት" አላቸው በእንግሊዝኛ። "ቢዩቲፉል ሃውስ። ኢት ዊል ጎ ፋስት።"

"ታንክ ዩ፣ ታንክ ዩ" አሉት እትዬ አስካለ። ፊታቸው በርቶ ወደ እኔ ቀና አሉ። "ጌታሁን! ቤቱን አደነቀልኝ እኮ! ግን ምነው አትክልቴ ውስጥ ይቆፍራል?"

እኔ ሰውዬው ያለውን ሰምቻለሁ። ቶሎ ይሄዳል ያለው ምን እንደሆነም ገብቶኛል። ወርጄ ስደርስ ነጭ እንጨት ተክሎ፣ የማስታወቂያ ሰሌዳ ከመኪናው አውጥቶ ሊሰቅል ነው። አንዲት ፈገግ ያለች ሴት ፎቶ አለበት፤ ከሥሩ ትልልቅ ፊደል።

"ቤት ተሳስተሃል" አልኩት።

ስልኩን አውጥቶ አድራሻውን አሳየኝ። አልተሳሳተም። ደግሞም "ሰኞ ነበር የታዘዝኩት፣ ዝናብ ስለሚመጣ ዛሬውኑ ልጨርሰው ብዬ ነው" አለኝ፤ ቀድሞ በመምጣቱ የሚመሰገን መስሎት።

"ምን ይላል?" አሉኝ እትዬ አስካለ። "ጽሑፉን አንብብልኝ እስቲ፤ መነጽሬን አልያዝኩም።"

ሰሌዳውን እንዳያዩት ፊቱ ቆምኩ።

"ጌታሁን፣ አንብብ እንጂ!"

ልዋሽ አስቤ ነበር። አፌ እምቢ አለ። ነገ ከሌላ ሰው ቢሰሙት ምን እላቸዋለሁ?

"በቅርቡ ለሽያጭ ይቀርባል፣ ይላል እትዬ።"

"ምኑ?"

"ቤቱ።"

"የማን ቤት?"

መልሴን ሳይጠብቁ ዞረው ቤታቸውን አዩት። የጸዳውን አሸንዳ አዩ። መጋረጃ የሌለውን መስኮት፣ በመስኮቱ ውስጥ የሚታየውን ባዶ ግድግዳ አዩ። ቀስ ብለው ደረጃውን ወጡና በሩን በጣታቸው ነኩት። ገና አልደረቀም። ጣታቸው ላይ የቀረውን ግራጫ ቀለም አዩና ከዚያ እጄን አዩ፤ እስከ ክንዴ ያው ቀለም ነው።

"ይሄን የቀባኸው ለማን ነው?"

"እትዬ፣ በእግዚአብሔር ስም፣ አላወቅኩም! ለክረምት ነው ያለችኝ። በልጄ እምላለሁ፣ አላወቅኩም!"

"ጎርፍ ሊገባ ይችላል አልከኝ። እርጥበት ፎቶ ይበላል አልከኝ።"

"ከራሴ ነው ያልኩት… መስሎኝ ነው!"

ገቡና በሩን ቆለፉት። ሰውዬው ነገሩ ሳይገባው "ኢዝ ሺ ኦኬ?" እያለ ሰሌዳውን ሰቅሎ ሄደ። ምን ያድርግ፣ ሥራው ነው። እኔ ሄለን ጋ ደወልኩ።

"ሰሌዳ ተክለዋል። እናትሽ አይተዋል" አልኳት።

"ኦ ማይ ጋድ። ሰኞ ነበር እኮ! ነገ ልወስዳት ነበር። እየመጣሁ ነው፣ እባክህ አትሂድ" አለችኝ።

ከኩፐርቲኖ በዓርብ ከሰዓት መንገድ እስክትደርስ ድረስ በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ። በሩን አንኳኳሁ፣ ለመንኩ፤ መልስ የለም። ማልቀሳቸውን ብሰማ ይሻለኝ ነበር። ምንም ድምፅ የለም። አንድ ነገር ሆነው ይሆን ብዬ በመስኮቱ ሳይ፣ ባዶው ሳሎን መካከል ወንበር ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ጫማቸውን አድርገዋል።

ሄለን ዓይኗ ቀልቶ መጣች።

"ለምንድን ነው ያልነገርሻቸው?" አልኳት።

"ነግሬያታለሁ ጌቾ! ዓመት ሙሉ ነግሬያታለሁ። እንቢ አለች። ሺ ፌል ትዋይስ፤ ሁለቴ ወድቃለች። ባለፈው ወር ጋዝ ከፍታ ረስታ ተኝታለች፣ አንተ ይሄን ታውቃለህ? እኔ ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ የለኝም።"

"አላውቅም። ግን ቤቱ የእሳቸው ነው።"

"በእኔ ስም ነው። ዳዲ ሲሞት ራሷ ናት የፈረመችልኝ። ሳን ሆዜ ውስጥ ጥሩ የአረጋውያን ቤት አግኝቻለሁ፤ ነርስ አለ፣ ክሊን ነው። ለአንተም ቅርብ ነው። ነገ ለዊክኤንድ ብዬ ወስጃት፣ ቀስ ብዬ ልነግራት ነበር። ዶክተሩ አታስጨንቋት ብሏል።"

"እኔንስ? ለእኔ እንኳ እውነቱን ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?"

መሬት መሬቱን አየች። የምትለውን መርጣ አይደለም የመለሰችልኝ፤ ደክሟት ነው። ለዚህ ነው እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ።

"ብነግርህ ትሠራው ነበር? ሌላ ሰው ብልክ ደግሞ ማሚ በር አትከፍትለትም። ሺ ትረስትስ ዩ። አንተን ካየች ምንም አትጠይቅም።"

ስንት ዓመት በዚያ ቤት የገነባሁትን እምነት ሌላ ሰው እንደ መሰላል ተደግፎበት ወጥቶበታል። እኔም መሰላሉን ግራ ቀኝ እንዳይል ይዤለታለሁ።

በሩ ከውስጥ ተከፈተ። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ያን የተጠቀለለ ፎቶ ደረታቸው ላይ ይዘው ቆመዋል። ልጃቸው "ማሚ፣ ፕሊስ፣ ሊሰን…" ብላ ልታቅፋቸው ስትል በከዘራቸው ገታ አደረጓት።

"ልብሴን ልያዝ ወይስ እሱንም አስወጥታችሁታል?" አሉ።

ሄለን ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ እንደ ሕፃን አለቀሰች። እናቷ ግን አላለቀሱም። አጠገቤ አልፈው ወርደው መኪናዋ ውስጥ ገቡ፤ ወደ ኋላም አላዩም። እኔ ዕቃዬን ሰብስቤ ወደ ሳን ሆዜ ስመለስ ዝናቡ ጀመረ። ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ። ያ ጣሪያ አንዲት ጠብታ እንዳላስገባ አውቃለሁ፤ አሠራሬን አውቀዋለሁ። ከሥሩ ግን የሚተኛ ሰው አልነበረም።

ቤቱ በእርግጥም ቶሎ ተሸጠ። እትዬ አስካለ ሳን ሆዜ የአረጋውያኑ ቤት ገቡ። ቢያንስ አንድ ወር ልታገሥ ብዬ ነበር፣ አልቻልኩም፤ ብርቱካን ይዤ ሄድኩ። ክፍሉ ንጹሕ ነው፤ ሄለን ያለችው አንድም አልጎደለም። መስኮት አጠገብ ተቀምጠዋል። እኔ ገብቼ ጉልበታቸውን ልስም ዝቅ ስል፣

"ይነሡ፣ ይነሡ። ወንበር አለ፤ እዚያ ይቀመጡ" አሉኝ።

መጀመሪያ ከኋላዬ ሌላ ሰው ያለ መስሎኝ ዞር አልኩ። ማንም የለም። እንደ ልጃቸው በ"አንተ" ካልሆነ ጠርተውኝ የማያውቁት ሴት "እርስዎ" ያሉት እኔን ነው። አእምሯቸው ስቶ ይሆን ብዬም ፈራሁ። እሱም አልነበረም፤ ሚስቴን በስሟ፣ ልጄን በስሟ እየጠሩ ደኅንነታቸውን ጠየቁኝ።

"እትዬ፣ እንዲህ አይበሉኝ። አንተ ይበሉኝ። ይሳደቡ፣ በከዘራው ይምቱኝ። ግን ይመኑኝ፣ አላወቅኩም ነበር።"

"እንዳላወቁ አውቃለሁ" አሉኝ ረጋ ብለው። "ያን ዕለት ማታውኑ ገብቶኛል። ልቤ ግን አልሰማ አለኝ። ልጄን ይቅር ብያታለሁ፤ ወልጃታለሁና ምን አደርጋለሁ። እርስዎን ባየሁ ቁጥር ግን ያ በር ይመጣብኛል፤ አረንጓዴው ግራጫ ሲሆን ቆሜ አይቼ 'ይሁን' ያልኩት። እኔ ራሴ እቃዬን አንሥቼ ያቀበልኩዎት ይመጣብኛል። አልጠላዎትም። ግን ከእንግዲህ አይምጡ።"

"እትዬ…"

"ብርቱካኑን ይዘውት ይሂዱ። ለልጅዎ።"

መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም።

ይኸው ነው የደረሰብኝ። ሰው አልሞተም፣ ደም አልፈሰሰም። ለጓደኞቼ ስነግራቸው ግማሾቹ "ልጅቷ ምን ታድርግ? ቢወድቁስ? ቤቱ ቢቃጠልስ?" ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ሄለንም እውነት ነበራት። እኔ የምለው፣ ያን እውነት እናቷ ፊት ቁጭ ብላ ብትናገረው ይሻል ነበር። ይጮኹ ነበር፣ ይረግሟት ነበር፣ ምናልባት ወር ሙሉ አያናግሯትም ነበር። ግን ቤታቸውን በገዛ ዓይናቸው ተሰናብተው፣ በገዛ እግራቸው ይወጡ ነበር። እኛ ግን እያሳቅን፣ ተስፋ እየሰጠን፣ በገዛ እጃቸው እቃቸውን እያሸከምን አስወጣናቸው። እና "እንዳይጨነቁ ብለን ነው" እንላለን። እንዳይጨነቁ ሳይሆን እንዳይጮኹብን ነው።

እናንተም እዚህ አገር ወላጅ ያላችሁ፣ ይህ ቀን አይቀርላችሁም። ስታደርጉት ሽማግሌ አትሸንግሉ። ሌላም ልበላችሁ፤ እናታችሁ የሚያምኑትን ሰው ለማታለያ አትላኩባቸው። ቤት ቢሸጥ ሌላ ጣሪያ ይገኛል። በሰማንያ ዓመት ሌላ የሚታመን ሰው ከየት ይመጣል?

ለልጄ ነግሬያታለሁ። "የእኔ ቀን ሲደርስ ፊት ለፊት ንገሪኝ" አልኳት። "ባት ዳድ፣ ዩ ዊል ቢ ሶ ማድ" አለችኝ። "ልበድ፣ ተይኝ፤ ብቻ ንገሪኝ" አልኳት። እንደ ቀልድ ቆጥራ ሳቀች።

እትዬ አስካለ አሁንም በሕይወት አሉ። የሚኖሩበት ቤት ሹትል ይዤ በየቀኑ ከማልፍበት መንገድ ዳር ነው። አንዳንዴ ቀይ መብራት ደጃፉ ላይ ያቆመኛል፤ አልወርድም። አይምጡ ተብያለሁና።